ቅንጬ የያዘው ሰው

እትዬ አስካለ የልዑልን ሳህን የለዩት ግንቦት ውስጥ ነው። አልተቆጡም፣ ፊታቸውንም አላጠቆሩም። በቃ አንድ ቀን ምሳ ላይ እንደ ልማዱ ትሪው አጠገብ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣ «አንተ ስትሮጥ የምትውል ልጅ ነህ፣ ለብቻህ ደልደል ብለህ ብላ ብዬ እኮ ነው» አሉና ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን በክዳን ከድነው በሩ ጋ ያለችው ዱካ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰማያዊዋ ሳህን የሱ ሆነች። ኩባያም ተጨመረላት። የሚታጠቡት ለብቻቸው ነው፣ ደጅ፣ በአመድ ተፈትገው።

ልዑል ማንም ሳይነግረው ገባው። እጁን አየና ገባው።

ከጣቶቹ እስከ ክርኑ ድረስ ቆዳው ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ ውሃ የሸሸው የወንዝ ጭቃ መስሎ ተሰነጣጥቋል። አንገቱም እንደዚያው። ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆብ ስለሚያብጥ ዓለምን በቀጭን ስንጥቅ ነው የሚያያት። ማሳከኩ ደግሞ አይወራ! አንዳንዴ እንደ አህያ ግንድ ላይ ሄዶ መታከክ ያምረዋል። ሰፈሩ ይሄን ሁሉ አየና ማንንም ሳይጠይቅ ስም አወጣለት። ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው የለም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚሉት። ሥጋ ደዌ ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ልዑል ማን ነው ካላችሁ፣ የግጦሽና የመኖ ባለሙያ ነው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ከጣርማ በር ማዶ ደጋ ላይ ያደገ፣ ከሸዋ ሮቢት በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የምታስኬድ ቆላ ቀበሌ ተመድቦ ሁለት ዓመት የሞላው። ሥራው ከብት አርቢዎችን ማስተማር ነው። የቱ ሳር ላም ያጠግባል፣ የቱ አረም ነው፣ አረሙስ መቼና እንዴት ይነቀላል። ክፍሉ የግራር ጥላ ነው፣ ሰሌዳው መሬት ላይ የተዘረጋ ማዳበሪያ።

የመጀመሪያ ቀን ማዳበሪያው ላይ ሰርዶ፣ ሰንበሌጥ፣ አክርማና ቅንጬ የሚባለውን አረም ደርድሮ «እስቲ ለዩልኝ» ሲል ሳቁበት።

«አይ ልጅ ልዑል!» አሉ ጋሽ በላይ። ጋሽ በላይ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርም ሙሴ፣ ማለት አለቃው። «ሳር ለኛ? እኛ እኮ ጡት የጣልነው ላም እግር ሥር ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ይቺ ታዲያ ምንድናት?» ብሎ ገና ሁለት ሳምንት የሆናትን ቅንጬ አነሳ። ቅጠሏ እንደ ካሮት ቅጠል የተቆራረጠ፣ መሬት ላይ ተለጥፋ የምታድግ።

ጋሽ በላይ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይቺማ… የካሮት ዘመድ ናት። ከከባድ መኪና ጋር የመጣች።»

ከመኪና ጋር መምጣቷን እንኳ ልክ ነበሩ። አስፋልቱን ተከትላ ነው የወረደችው። ችግሩ ሰው ወዷት ነበር። ሳሩ ሁሉ አርሮ እሷ ብቻ ለምልማ ስትታይ፣ «እግዜር ቢያዝንልን ነው» ይሉ ነበር። ይሄን ሐሳብ የሰበረው የእትዬ አስካለ ወተት ነው። ከተማ ላንድ ሆቴል የሚያስረክቡት ወተት መረረና ተመለሰባቸው። እሳቸው ቡዳ ነው ብለው ላሚቱን ጠበል ረጯት። ልዑል ግን ላሚቱ የምትውልበትን ሄዶ አየና፣ «እትዬ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ቅንጬ የሌለበት ትዋልልኝ» አላቸው። በሳምንቱ ወተቱ ጣፈጠ።

«ውይ የኔ ጌታ! ያን ሁሉ ጎረቤት በቡዳ ጠርጥሬ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ልዑል እሳቸው ጋ አንዷን ክፍል ተከራይቶ ነበርና፣ «ከእንግዲህ ገበታዬ ገበታህ ነው» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካንድ ትሪ በሉ፣ ዓመት ከመንፈቅ። እና ለዚህ ነው ሰማያዊዋ ሳህን ከማሳከኩ የባሰችበት።

በሽታው ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ሰኔ ላይ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። አንዲት ነርስ እጁን በእጇ ይዛ አገላብጣ አየችና፣ «ሥራህ ምንድነው?» አለችው። ነገራት።

«ቅንጬ በባዶ እጅ ስትነቅል ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሁለት ክረምት።»

«በል እሱ ነው። ሁሉንም ሰው አይዝም፣ የያዘውን ግን አይለቅም። በነካኸው ቁጥር እየባሰ ይሄዳል፣ ኋላ ደረትህ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥርሃል። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ እሱን አትፍራ። ግን ተወው ወንድሜ። ደጋ ዝውውር ጠይቅ።»

ልዑል ቅባቱን ተቀብሎ ወጣ። ካለችው ሁሉ አብሮት መንገዱን የተጓዘው ግን እጁን መያዟ ነበር። ሰው ሳይነካው አንድ ወር አልፎት ነበራ።

ታዲያ ለሰፈሩ ለምን አይነግርም? ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰንበሌጥ ሜዳ የሚባል የጋራ ግጦሽ አለ፣ አርባ ሁለት አባወራ ከብቱን የሚያሰማራበት። ድሮ ሰንበሌጡ በሬ ከነቀንዱ ይውጥ ነበር አሉ። አሁን ግማሹ ቅንጬ ነው። የሐምሌ ዝናብ እንደጣለ ደግሞ እንደ አሸን ፈላ። ገና አበባ አላወጣም፣ አፈሩም ርሷል፣ ሳብ ሲያደርጉት ከነሥሩ ይመጣል። ግን ጊዜው አሥር ቀን፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ነው። ከዚያ ያብባል፣ አንዷ ብቻዋን በሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፣ የከርሞ ሳር የሚባል ነገር አይኖርም። አርባ ሁለት ሰው ለአንድ ቀን ደቦ ቢወጣ ያልቃል። አንድ ሰው ለብቻው ከሆነ ደግሞ፣ ልዑል አስልቶታል፣ አርባ ቀን ከምናምን።

እና አስቡት። ዝም ካለ በሽተኛ ነው ብለው ይሸሹታል፣ ለደቦ ከጎኑ የሚቆም የለም። «ቅንጬው ነው እንዲህ ያደረገኝ» ካለ ደግሞ ማን እጁን ይሰዳል? ጓንት እንዳያድላቸው፣ ቢሮው «በጀት ሲለቀቅ» ካለው ቆይቷል።

ዝም አለ።

ዝምታ ደግሞ ቆላ ላይ ረጅም ነው። ለትምህርት ሲጠራ ሦስት ሰው ይመጣል፣ የሚመጣውም ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይቶ ነው የሚቀመጠው። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አጠገቡ ያለው ሰው «ወራጅ አለ» ይላል፣ ገና የትም ሳይደረስ። ሰላምታ በአንገት ሆነ። ሕፃን ልጅ ወደሱ ዱብ ዱብ ሲል እናቱ ከየት መጣች ሳይባል ነጥቃ ትሄዳለች። አመሻሽ ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ከግድግዳው ማዶ እትዬ አስካለ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሲሳሳቁ ያዳምጣል። የሚያወሩትን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ቀልዱም ይገባዋል። አንዳንዴ ብቻውን አብሯቸው ይስቃል። ሳቁ ሲያባራ ክዳኑን ይከፍትና ይበላል፣ ሲያኝክ የራሱን መንጋጋ ድምፅ እየሰማ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ተራው የጋሽ በላይ ነበር። ልዑል አባል ነው፣ የገባው አምና ነው፣ አርቢው ሁሉ ባንድ ቤት የሚገኘው እዚያ ስለሆነ። ሄደና ጥግ ያዘ። ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው መዞር ጀመረ። ጽዋ ደግሞ አንድ ነው፣ የሚሄደውም ከአፍ ወደ አፍ ነው። በቀኙ የተቀመጠው ታምራት የሚባል ጎረምሳ ተጎነጨ። ልዑል ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ታምራት የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ጋሽ በላይን አየ፣ ከዚያ ብድግ አለና ልዑልን አልፎ ጽዋውን በግራው ላሉት ለእትዬ አስካለ ሰጠ።

እትዬ አስካለ ጽዋውን እንደያዙ መጠጣትም ማስተላለፍም አቃታቸው።

ልዑል ተነሳ። ሊወጣ ነበር፣ ወደ በሩም ሁለት እርምጃ ሄዷል። ግን አልቻለም።

«አይተላለፍም!» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። «ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ያ በሽታ አይደለም። ቅንጬ ነው፣ ቅንጬ ስነቅል ነው የያዘኝ! ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። እስቲ ከኔ ማን ያዘው? እትዬ፣ ዓመት ከመንፈቅ ካንድ ትሪ ስንበላ፣ ያዘዎት?»

«ኧረ አልያዘኝም» አሉ እትዬ አስካለ በቀጭን ድምፅ።

«ሁሉንም ሰው አይዝም። እጁን በፌስታል ጠቅልሎ የሚነቅል ሰው ምንም አይሆንም። ግን መንቀል አለብን! ሜዳው ሊያብብ ነው፣ ካበበ አለቀልን። እኔ ብቻዬን አልችለውም። በሚካኤል ይሁንባችሁ!»

ጋሽ በላይ ተነሱና ጽዋውን ከእትዬ አስካለ ተቀብለው፣ ራሳቸው አንዴ ተጎንጭተው፣ በሁለት እጃቸው ለልዑል ሰጡት።

«ጠጣ ልጄ። በድለንሃል፣ ይቅር በለን።»

ጠጣ። ግማሹ ጠላ ደረቱ ላይ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ታምራት መሬት መሬት እያየ መጥቶ ጉልበቱን ሳመው።

«ደቦውሳ ጋሼ?» አለ ልዑል፣ አፉን ሳይጠርግ።

«ይወጣል እንጂ! መቼ ይሁን ነው። አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፣ እሱማ አይነካም። ሃያ አንድ ማርያም…»

ጣት ተቆጠረ፣ ተከራከሩ። «አሥራ ስምንት!» አለ ታምራት። «አሥራ ስምንት ባዶ ናት!» ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ልዑል አያውቅም። እትዬ አስካለ ሰማያዊዋን ሳህን የዶሮ ውሃ መጠጫ አደረጓትና ወደ ትሪው ጎትተው አስቀመጡት። በየመንገዱ ሰው ያዘው። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ የቀረበትን ሁሉ ሊክሱት ይመስል ሳሙት። እናቶች ልጆቻቸውን «ጋሼን ሳም» እያሉ ወደሱ ገፉ። ማታ ከግድግዳው ማዶ ሳይሆን ከግድግዳው ወዲህ፣ ሴቶቹ መሀል ተቀምጦ ሳቀ። ከደስታው ብዛት ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳውን ሄዶ ሳያይ ቀረ።

አሥራ ስምንት ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መቶ ፌስታል በብብቱ ይዞ ሜዳው ዳር ቆመ። ልቡ ፈርቶ ነበር፣ ማንም ባይመጣስ ብሎ። መጡ! ኧረ ምን መጡ፣ ጎረፉ እንጂ። ከአርባ ሁለቱ ቤት አንድም የቀረ የለም። ጠላ በጄሪካን፣ ንፍሮ በድስት፣ ዳቦ በመሶብ። ታምራት ከበሮ አንግቷል። ሁሉም ግራሩ ሥር እየደረሰ ዕቃውን አስቀመጠ፣ ጋቢውን አነጠፈ። ልዑል ከፊት ጀምሮ ፌስታሉን አደለ። ጋሽ በላይ ተቀበሉትና በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«በል ልጄ፣ ጀምር» አሉ።

«እንጀምር ጋሼ።»

«የለም፣ አንተ ጀምር። እኛ እዚሁ አለንልህ።»

ልዑል አልገባውም። ዞር ብሎ ሰዉን አየ። ሁሉም ተቀምጧል፣ ያውም ተደላድሎ።

«ጋሼ፣ ደቦ እኮ ነው።»

«ደቦማ ነው። ስማኝ» አሉ ጋሽ በላይ። በፍቅር ነው የሚያወሩት፣ ቅንጣት ክፋት የለባቸውም። «ያን ዕለት ከነገርከን በኋላ ተመካከርን። ይሄ ነገር የሚይዝ ነገር ነው ብለሃል። እኛን ገና አልያዘንም። አንተን እንደሁ አንዴ ይዞሃል። ኩፍኝ ሁለቴ ይወጣል እንዴ? አንዴ የያዘው ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል? ‹እግዜር ለዚህ ሥራ አንድ ሰው አዘጋጅቶ ሰጠን› ነው ያልነው።»

«ኧረ አይደለም ጋሼ! ይሄ እንደ ኩፍኝ አይደለም! በተነካ ቁጥር እየባሰ ነው የሚሄደው። ደረት ውስጥ ይገባል አለችኝ እኮ ነርሷ!»

«አይዞህ፣ አይዞህ።»

«በፌስታል ከጠቀለላችሁት እናንተን አይነካችሁም!»

«ፌስታል ይቀደዳል» አለ አንዱ ከኋላ።

እትዬ አስካለ መሬቱን በእንጨት እየጫሩ ነበር። «የኔ ልጅ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ከዚህ እጄ በቀር ምን አለኝ? እሱን ቢይዘኝ ላሚቱን ማን ያልብልኛል? አንተ እንኳ ብትታመም ደሞዝህ አይቀርብህም።»

በጥላውና በሜዳው መሀል ቆመ። ግራሩ ሥር ታምራት ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቋል፣ ጠላ ተቀድቷል። ሄዶ ቢቀመጥ ማንም ምንም አይለውም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ነገ የዝውውር ደብዳቤውን ጽፎ ወደ ደጋ መውጣት ይችላል። በወዲያ በኩል ሜዳው አለ፣ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ። አስፋልቱን በያዘው ጠርዝ ላይ ቡቃያው ቀና ቀና ብሏል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ማሳየት ጀምሯል። ሁለት ቀን ሳያየው ነው ይሄ የሆነው።

በያንዳንዱ እጁ ሁለት ሁለት ፌስታል አጠለቀ፣ አንጓው ላይ በጥርሱ ቋጠረውና ጎንበስ አለ።

ከኋላው ከበሮው ተመታ። ጋሽ በላይ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው አወጡ፣

«ንቀለው ልዑሌ ንቀለው ከሥሩ፣
ላሞች ይጠግባሉ ከዳር እስከ ዳሩ!»

አርባ ሁለት ሰው ተቀበለ። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይዘፈንለትም። ልዑል ነቀለ። ሲነቅል ይከምራል፣ ሲከምር ይቆጥራል፣ ኋላ ቁጥሩን ተወው። አራት ሰዓት ላይ የቀኝ እጁ ፌስታል ተቀደደ፣ ሌላ አጠለቀ። አምስት ሰዓት ላይ ዓይኑ ማበጥ ጀመረ። ከጥላው «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይላሉ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ያቺን ዘለልካት! ከሰርዶው ሥር! ኧረ ወደ ግራህ!» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አንዷንም አልተሳሳቱም። ዓመቱን ሙሉ ያስተማረው በደንብ ገብቷቸዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ቅንጬው እንዳይነካቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ መጡ። እጁ ስለማይሆንለት በአፉ አጎረሱት፣ ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ጉርሻ ያጣላል ብለው። ከዚያ በድንጋዮቹ ላይ ተመለሱ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ወረዳ ያለው አለቃው ሀብታሙ ነው።

«ልዑሌ፣ ደቦው እንዴት ሆነ? ስንት ሰው ወጣልህ?»

ልዑል ወደ ግራሩ አየ። «አርባ ሁለት።»

«አርባ ሁለት! ከወረዳው አንደኛ ነህ እኮ! ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሪፖርቱ ላይ ላስገባው።»

«ሀብታሙ…» አለ ልዑል። ትንፋሹ አጠር ብሎበት ነበር።

«አቤት?»

እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳው አሰበ። «ምንም። እልክልሃለሁ።»

ስልኩን ወደ ጥላው ሲያዞር ሁሉም ተስተካከሉ፣ ጋቢያቸውን አሳመሩ፣ ታምራት ከበሮውን ወደ ላይ አነሳ። ሲያዩት አሥሩም ጣታቸው ደህና ነው፣ ፊታቸው ደህና ነው፣ ደስ ብሏቸዋል። አነሳቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ከብት የሚሰበሰብበት ስለደረሰ ተነሱ። አንድ ባንድ ሜዳው ጠርዝ ላይ እየመጡ አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ ላቡንም እብጠቱንም ሳይጠየፉ። «እጅህን ይባርከው» እያሉ መረቁት። መጨረሻ ላይ ጋሽ በላይ መጡ። የነቀለውን ቦታ በዓይናቸው ለኩት። ከሁለት አውድማ ትንሽ በለጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቅንጬ ነው።

«ነገ ገብርኤል ነው፣ እንዳትነካ» አሉ። «ከነገ ወዲያ እንመጣልሃለን። ብቻህን አንተውህም።»

«እሺ ጋሼ» አለ ልዑል።

ከብቶቹ ጭቃውን እያቦኩ ወደ ሰፈር ዞሩ። ዘፈኑ ትንሽ ሄደና በእምቧታው ውስጥ ጠፋ። ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። ልዑል የመጨረሻዎቹን ፌስታሎች አየ፣ ተቀዳደዋል። አውልቆ ጣላቸውና ወደ አስፋልቱ፣ ነጭ ወደጀመረው ጠርዝ ሄዶ ተንበረከከ። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ዓይኑም ሊከደን ምንም አልቀረው፣ ሳሩን ከአረሙ መለየት አልቻለም። በጣቱ እየዳሰሰ ነቀለ። የሚያቃጥለውን ይነቅላል፣ የማያቃጥለውን ይተዋል።